«ኖራ» ስንት ነገር ነው? ስለ አቶም፣ ሞለኪውል፣ ቀመርና ሞል ስያሜዎች

በአዊ ዞን ከዳንግላ እስከ እንጅባራና ከዚያም ወዲያ ባለው አገር «ኖራ» የሚለው ቃል ዛሬ የሚነሣው የቤት ግድግዳ በሚቀባበት ወቅት ብቻ አይደለም። በአካባቢው ዝናብ ይበረታል። የክረምቱ ውሃ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ከላይኛው አፈር እያጠበ ወደ ታች ስለሚያሰርጋቸው፣ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም እየበረከቱ ይሄዳሉ፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የተዘራ ገብስ ወይም ስንዴ ሥሩ ይኮማተራል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ፎስፈረሱ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተቆራኝቶ ስለሚቀር ሰብሉ እምብዛም አይጠቀምበትም። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ገበሬው በማሳው ላይ ኖራ እንዲበትን ይመክራሉ።

ምክሩ ተገቢ ነው። እኛን የሚያሳስበን ቃሉ ነው። በአማርኛ «ኖራ» እየተባለ የሚጠራው አንድ ነገር ሳይሆን ሦስት ነው። የመጀመሪያው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውና እንዳለ የሚፈጨው ድንጋይ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ በደጀን በኩል የሚታየው ዓይነት ማለት ነው። ሁለተኛው ይኸው ድንጋይ በእቶን ከተቃጠለ በኋላ የሚገኘው ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተቃጠለው ላይ ውሃ ሲፈስበት፣ እየፈላና እየጋለ ፈርሶ የሚሆነው ነጭ ዱቄት ነው። ሦስቱም ነጭ ናቸው፤ ሦስቱም በጆንያ ይሸጣሉ፤ ሦስቱም ስማቸው ኖራ ነው። ነገር ግን ለአንድ ማሳ የሚያስፈልገው መጠናቸው እኩል አይደለም፤ ሁለተኛው ደግሞ እርጥብ እጅና ዓይን ያቃጥላል። ቋንቋው ያልለየውን ልዩነት የሚለየው የኬሚስትሪ ቀመር ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ አቶም፣ ሞለኪውል፣ ቀመርና ሞል የተባሉትን መነሻ ስያሜዎች ከነጽንሰ ሐሳባቸው ለማብራራት እንሞክራለን።

«አቶም» የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «የማይቆረጥ» ማለት ነው። ቃሉን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዲሞክሪተስ ተጠቅሞበታል፤ የእንግሊዙ ጆን ዳልተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ለኬሚስትሪ መሠረት አደረገው። በ1897 ታምሶን ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ግን «የማይቆረጠው» ክፍሎች እንዳሉት ታወቀ። ዛሬ እንደምናውቀው በአቶም መካከል ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች የተከማቹበት አስኳል አለ፤ በዙሪያው ኤሌክትሮኖች ይገኛሉ። የአቶሙን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው፤ አንድ ፕሮቶን ያለው ሃይድሮጅን፣ 6 ያለው ካርቦን፣ 8 ያለው ኦክስጅን፣ 20 ያለው ካልሲየም ነው።

አንዳንድ ወገኖች እንዲህ ያሉ የባዕድ ቃላት ሁሉ ከግእዝ በተቀዱ ስያሜዎች ይተኩ ይላሉ። ለብዙ ጽንሰ ሐሳቦች እኛም የምንደግፈው መንገድ ነው። ለአቶም ግን «ኢይትከፈል» ወይም «የማይከፈል» የሚል ስም ሰጥተን ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ኑክሌር ኃይል የሚያስተምረው መምህር «የማይከፈለው ሲከፈል» እያለ ለማስረዳት በተገደደ ነበር። የባዕዱ ቃል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ጥሬ ትርጉሙ ለእኛ ዝግ ስለሆነ፣ ሳይንሱ ሲለወጥ ስሙ አያሳስትም።

የኦክስጅን ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ ይህን ስም ከግሪክ ሲያወጣ «ኮምጣጣን የሚወልድ» ማለቱ ነበር፤ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን ያለበት መስሎት ነው። እንግሊዛዊው ዴቪ በ1810 ከጨው የሚገኘው አሲድ ኦክስጅን እንደሌለው አሳየ፤ የአሲድነት ጠባይም ከሃይድሮጅን ጋር የተያያዘ መሆኑ እያደር ታወቀ። ጀርመኖችና ሩሲያውያን ግን ስሙን ቃል በቃል ወደ ቋንቋቸው መልሰውት ስለነበር፣ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ኦክስጅንን «የኮምጣጣ ቁስ» ወይም «ኮምጣጣ ወላጅ» እያሉ ይጠሩታል። ስሕተቱን ተርጉሞ መውረስ ማለት ይህ ነው።

ከአገር ቋንቋ ተወስደው በሚገባ የሠመሩ ስያሜዎችም አሉ። «ንጥረ ነገር» ከነዚህ አንዱ ነው። ግሡ ነጠረ ነው፤ ቅቤ ሲነጠር አተላው ይወጣል፤ ወርቅ የሚያነጥረውም ሰው አንጥረኛ ይባላል። አንድ ዓይነት አቶም ብቻ ያለበትን ነገር ንጥረ ነገር ማለት እንግዲህ ከቅቤውም ከወርቁም ጋር የሚስማማ ነው። ችግሩ ቃሉ ከኬሚስትሪ ክፍል ወጥቶ መንከራተቱ ነው። በእርሻና በጤና ጽሑፎች «በአፈር ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች»፣ «በወተት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች» ሲባል ተክሉ ወይም ሰውነቱ የሚመገበው ማለት እንጂ አንድ ዓይነት አቶም ማለት አይደለም። ለዚህኛው ትርጉም «ንጥረ ምግብ» የሚል የተለየ ቃል ስላለ፣ «ንጥረ ነገር» ለኬሚስትሪው ብቻ ቢተው እንመርጣለን።

አቶሞች ሲጣመሩ ሞለኪውል ይገኛል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ሞሌስ» ክምር ማለት ነው፤ ሞለኪውል ደግሞ «ትንሽዬ ክምር» እንደ ማለት ነው። አሳቡን ለማስረዳት ግን ከክምር ይልቅ የገበሬው ጥማድ ይቀርባል። ሁለት በሬዎች በመስክ ሲግጡ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ ግን አንድ ጥማድ ይባላሉ። ጥማዱ የራሱ ስም፣ የራሱ ሥራ አለው፤ መሬት እንኳ በእርሱ ይለካል። የአየር ኦክስጅንም እንዲሁ ሁለት ሁለት ሆኖ የተጠመደ ነው። በውሃ ውስጥ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ከአንድ ኦክስጅን ጋር ተጣምረዋል። ምሳሌው የማይደርስበት ቦታ መኖሩን ግን መምህራን አይርሱ፤ የተጠመደ በሬ ያው በሬ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ሃይድሮጅን ግን ጋዝነቱንም ተቀጣጣይነቱንም ትቶ ውሃ ይሆናል። በውሕድና በድብልቅ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። ሰርገኛ ጤፍ ድብልቅ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ነጩን ከቀዩ ለይቶ ሊለቅመው ይችላል። ከውሃ ውስጥ ሃይድሮጅንን መልቀም ግን አይቻልም፤ ጥምረቱን ማፍረስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በብዙ መጻሕፍት የሚታይ አንድ ስሕተት እናንሣ። «የጨው ሞለኪውል»፣ «የኖራ ድንጋይ ሞለኪውል» የሚል አነጋገር ትክክል አይደለም። በኖራ ድንጋይ ውስጥ የካልሲየምና የካርቦኔት ክፍልፋዮች እንደ ግንብ ጡብ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል እንጂ፣ ከግንቡ ተለይቶ «ይህ አንዱ ሞለኪውል ነው» የሚባል የለም። ለእንዲህ ያሉት «የቀመር አሃድ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን።

«ቀመር» እንዴት ያለ ደግ ምርጫ ነው! ቃሉ ለባሕረ ሐሳብ ተማሪዎች አዲስ አይደለም፤ 19 ዓመት ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፣ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይባላል። በሁለቱም ዘንድ ቀመር ማለት ብዙ ነገር በጥቂት ቁጥር ታስሮ የሚያዝበት ስሌት ነው። የኬሚስትሪ ቀመር ሁለት ነገር ይናገራል፦ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች እንዳሉና ከእያንዳንዳቸው ስንት አቶም እንዳለ። የንጥረ ነገሩ ምልክት የላቲን ፊደል ነው፤ ከግርጌው የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር የአቶሞቹን ብዛት ያሳያል። ከቀመሩ ፊት በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ሙሉውን ቀመር ያባዛል። የፊተኛውን «አባዢ»፣ የግርጌውን «ንዑስ ቁጥር» ብንላቸው ተማሪው አንዱን በሌላው አይተካም።

ምልክቶቹን በግእዝ ፊደል የመጻፍ አሳብ አለ። እኛ አንደግፈውም። ካልሲየምና ካርቦን ሁለቱም በ«ካ» ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው ሁለተኛ ፊደል መጨመር ግድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ስዊድናዊው በርዜሊየስ እ.ኤ.አ. ከ1813 ጀምሮ ያስተዋወቃቸው ምልክቶች የእንግሊዝኛ ንብረት አይደሉም። የሶዲየም ምልክት «ናትሪየም» ከሚለው፣ የፖታሲየም «ካሊየም» ከሚለው፣ የብረትም «ፌሩም» ከሚለው የላቲን ስም የተወሰዱ ናቸው፤ የለንደኑም ተማሪ እንደ ዳንግላው ተማሪ በቃል ማጥናት አለበት። በሞስኮና በቶክዮም የሚጻፉት እነዚሁ ናቸው። መለወጥ ያለበት አጻጻፉ ሳይሆን አነባበቡ ነው። ተማሪዎቻችን የኖራ ድንጋይን ቀመር «ሲ ኤ ሲ ኦ ስሪ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ይደረድሩታል፤ በውስጡ ምን እንዳለ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። «አንድ ካልሲየም፣ አንድ ካርቦን፣ ሦስት ኦክስጅን» ተብሎ ቢነበብ፣ ንባቡ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

አንድ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያመዝን ለማየት ወደ ከሰል እንሂድ። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ወረዳዎች ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት ተክለው ከሰል እያከሰሉ መሸጥ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። አየር በሚገባ ሲያገኝ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይይዛል፤ አየር ሲያንሰው አንድ ብቻ ይይዛል። የመጀመሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በየትንፋሻችን የምናወጣው ነው። ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። በቀመሩ ላይ የሚለዩት በአንዲት ንዑስ ቁጥር ነው።

አማርኛ ይህን አደጋ «የከሰል ጢስ አፈነው» ይላል። አባባሉ የተለመደ ነው፤ ዳሩ ግን ያሳስታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ጢስም አይደለም። እንደ እንጅባራ ባለ በ2500 ሜትር ከፍታ ግድም ባለ ብርዳም ከተማ ሰው ምድጃውን በደጅ አቀጣጥሎ፣ ጢሱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ያስገባና በሩን ይዘጋል። ጢስ ስለሌለ አደጋ የሌለ ይመስለዋል፤ መርዙ ግን ከቀላውም ፍም ይወጣል። ለሕዝብ በሚጻፍ ማስጠንቀቂያ «የከሰል ጢስ» በማለት ፈንታ «የከሰል መርዝ ጋዝ» ቢባል፣ የአንድ ቃል ለውጥ የሰው ሕይወት ያድናል ብለን እናምናለን። «ሞኖ» እና «ዳይ» የሚሉትን የግሪክ ቅጥያዎች በተመለከተ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ እንዳለ ሆኖ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ባለ አንድ ኦክስጅን»፣ «ባለ ሁለት ኦክስጅን» የሚል ማብራሪያ ቢከተለው ይበቃል።

አሁን ወደ ሞል እንምጣ፤ ተማሪዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይህ ነው። አቶም አይታይም፤ አይቆጠርም። ታዲያ አንድ ካልሲየም ለሁለት ሃይድሮጅን ያስፈልጋል ሲባል ማን ይቆጥራል? ገበሬው ጤፉን ፍሬ በፍሬ አይቆጥርም፤ በቁና ይሰፍራል፤ በኩንታል ይመዝናል። ኬሚስቱም እንዲሁ በመመዘን ይቆጥራል። እንደ ጥንድና እንደ ደርዘን ሞልም የብዛት ስም ነው፤ ልዩነቱ ቁጥሩ ግዙፍ መሆኑ ነው። አንድ ደርዘን 12 ነው፤ አንድ ሞል 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ግድም ነው። በአገራችን አቆጣጠር ለማየት የሚወድ ቢኖር፣ አምስት እልፎችን እርስ በርስ አባዝቶ ውጤቱን እንደገና በ6022 ያባዛው።

ቁጥሩ እንዲሁ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ተለካክቶ የተመረጠው የአንድ ንጥረ ነገር አንድ ሞል በግራም ሲመዘን ከአቶሙ አንጻራዊ ክብደት ጋር እንዲገጥም ነው። የሃይድሮጅን አቶም 1፣ የካርቦን 12፣ የኦክስጅን 16፣ የካልሲየም 40 ከተባለ፣ አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ አንድ ሞል ካልሲየም 40 ግራም ይመዝናል። ሞል በዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የተተረጎመው በ12 ግራም ካርቦን 12 ውስጥ ባሉት አቶሞች ብዛት ነበር። ከግንቦት 2019 ወዲህ ግን ቁጥሩ ራሱ ተወስኖ ተቀምጧል፦ 6.02214076 ሲባዛ በ10 ኃይል 23። የኢጣሊያው አቮጋድሮ ስም ከቁጥሩ ጋር የሚነሣው እርሱ ስለቆጠረው አይደለም፤ በ1811 እኩል ስፍራ የያዙ ጋዞች፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል ከሆነ፣ እኩል ሞለኪውሎች አሏቸው በማለቱ ነው። ዳልተን ውሃን አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው ብሎ ነበር፤ ኬሚስቶች የአቮጋድሮን አሳብ ችላ ብለው ወደ ግማሽ መቶ ዓመት በመቆየታቸው ቀመሮቻቸው እርስ በርስ ሳይስማሙ ቆዩ። በ1860 ካኒዛሮ በካርልስሩኸ ጉባኤ አሳቡን መልሶ አነሣው።

ስለ ስያሜው አንድ ቃል። «ሞል» ዛሬ በአዲስ አበባ የገበያ ሕንፃ ስም ሆኗል፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቃሉን መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ይሆናል። ይህ ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አይደለም፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ለይቶ ማስገባት ብቻ አለበት። «የሞል ክብደት» ከሚለው ይልቅ ግን «የሞል መጠነ ቁስ» ይሻላል፤ ክብደት በፊዚክስ የስበት ኃይል ስም ነውና።

በዚህ ዕውቀት ወደ ኖራችን እንመለስ። የኖራ ድንጋይ በኬሚስትሪ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ 40 ሲደመር 12 ሲደመር ሦስት ጊዜ 16፣ ድምሩ 100 ይሆናል። አንድ ሞል 100 ግራም ነው። እንዲህም በመሆኑ ንጹሕ የሆነ አንድ ኩንታል የኖራ ድንጋይ ልክ 1000 ሞል ሆኖ ይገኛል፤ ለመምህራን የተመቸ አጋጣሚ ነው። ይህ ኩንታል በእቶን ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይሄድና 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ካልሲየሙ አልጠፋም፤ ያው 1000 ሞል ነው። በ56 ኪሎው ላይ 18 ኪሎ ውሃ ቢገባበት 74 ኪሎ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፤ አሁንም 1000 ሞል። ግድግዳ ላይ የተቀባው ይኸው ሦስተኛው ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ፣ ውሃውን እየለቀቀ ይደርቃል፤ ቀስ በቀስም ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ቤት የሚለቀልቁ ሰዎች ኖራው ሲውል ሲያድር እንደሚጠነክር ያውቃሉ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

በአፈር ውስጥ የሚሠራው ክብደቱ ሳይሆን ሞሉ ነው። አንድ ሞል የኖራ ድንጋይ ሁለት ሞል የአሲድ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ካልሲየሙ በአፈሩ ይቀራል፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። የተቃጠለውም ውሃ የገባበትም ኖራ አንድ ሞሉ የሚይዘው እንዲሁ ሁለት ነው። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይበተን የሚል ምክር ቢሰጥ፣ ተመሳሳዩን ሥራ 16 ኩንታል ከ80 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ወይም 22 ኩንታል ከ20 ኪሎ ውሃ የገባበት ኖራ ይሠራዋል። «30 ኩንታል ኖራ» የሚለውን ብቻ የሰማ ገበሬ የተቃጠለውን 30 ኩንታል ቢበትን ግን ከ53 ኩንታል በላይ የድንጋይ ዱቄት እንደ በተነ ይቆጠራል። ገንዘቡም ይባክናል፤ አፈሩም ወደ ሌላው ጽንፍ ሊሄድ ይችላል። የዱቄቱ ልመትና ንጽሕናም ስሌቱን ይለውጡታል፤ ያ ግን የአፈር ላቦራቶሪ ሥራ ነው።

የአፈሩ አሲድነት የሚገለጸውም ዴንማርካዊው ሶረንሰን በ1909 ባወጣው «ፒኤች» በተባለ መለኪያ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ያለው ያው ሞል ነው። ፒኤች 5 ሲባል በአንድ ሊትር ውስጥ 0.00001 ሞል፣ ፒኤች 4 ሲባል 0.0001 ሞል የሃይድሮጅን አዮን አለ ማለት ነው። ከ5 ወደ 4 መውረድ በአንድ መቀነስ ይመስላል፤ አሲድነቱ ግን አሥር እጥፍ ይሆናል። ከ5.5 በታች አሉሚኒየሙ መሟሟት ይጀምርና ሥሩን ይጎዳል። «ኮምጣጣ አፈር» የሚለው አባባል ለገበሬው ቅርብ በመሆኑ አንነቅፈውም፤ በጽሑፍ ግን «አሲዳማ አፈር» ይቅደም፤ አፈር በመቅመስ አይለካምና።

ለሦስቱ ኖራዎች የምናቀርባቸው ስያሜዎች እነሆ፦ ለካልሲየም ካርቦኔት «የኖራ ድንጋይ»፣ ሲፈጭም «የኖራ ድንጋይ ዱቄት»፤ ለካልሲየም ኦክሳይድ «የተቃጠለ ኖራ»፤ ለካልሲየም ሃይድሮክሳይድ «ውሃ የጠጣ ኖራ»። የመጨረሻው የጨዋታ ቃል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የሚሆነውን ነገር እንዳለ ይናገራል። በየጆንያው ላይ ከስያሜው ጋር ቀመሩ ቢታተም፣ ስሙ ቢምታታ እንኳ ቀመሩ አይምታታም።

በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዊኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ነው፤ ተማሪው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይማራል፤ በገበያና በግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ አማርኛ ያገኘዋል። አቶም፣ ሞለኪውልና ሞል በሦስቱም ቋንቋዎች አንድ ቢሆኑ ለዚህ ልጅ ሸክም ይቀልለታል። «ቀመር»ና «ውሕድ» ግን የአማርኛ ናቸው፤ በአዊኛ የራሳቸውን አቻ ማግኘት ይገባቸዋል፤ ይህንም የሚወስኑት የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። በዳንግላ፣ በእንጅባራና በአካባቢው ያሉ አንባቢያን፣ በተለይም መምህራን፣ ለተፈጨው፣ ለተቃጠለውና ውሃ ለገባበት ኖራ ሕዝቡ በአዊኛም ሆነ በአማርኛ የሚጠቀምባቸው የተለያዩ ስሞች ካሉ ጽፈው ቢልኩልን፣ ከላይ ያቀረብናቸውን ሦስት ስያሜዎች ከእነርሱ ጋር አገናዝበን እንደገና እንመለከታቸዋለን።